እንደ ገበሬ የተፈታው ዲያቆን

«ወንድምህን እንደ ገበሬ ፈቱት» አለችኝ እናቴ።

ገና ከበሩ መግባቴ ነው። ከደብረ ታቦር በእግሬ መጥቼ ነበር። ወንድሜ ከተቀበረ ስድስተኛ ቀኑ ነው፤ መልእክቱ የደረሰኝ ዘግይቶ ነው። አገኛታለሁ፣ እንላቀሳለን ብዬ ነበር መንገዱን ሁሉ የማስበው። እሷ ግን ልቅሶውን ጨርሳ፣ ከልቅሶው በታች የነበረውን ቁጭት ይዛ ነው የጠበቀችኝ።

«ቤተ ክርስቲያን አላስገቡትም» አለች። «ውጭ፣ ደጀ ሰላሙ ጋ አስቀምጠው ፈቱት። ሰው ሁሉ እያየ። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ መቅደስ የገባ ልጅ!»

በእኛ አገር ዲያቆን ሲሞት የሚደገምለት ጸሎተ ፍትሐት ሌላ ነው፤ ገበሬ ሲሞት የሚደገምለትም ሌላ ነው። ግእዝ የማያውቅ ሰው እንኳ ልዩነቱን ያውቀዋል፤ ሬሳው የሚያርፍበት ቦታ ይለያልና። ወንድሜ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። የዜማ መምህራን ወዳሉበት ወደ ቤተ ልሔም ደብር ሄዶ ዜማ ተምሯል። ሲቀድስ ድምፁን ለመስማት ብለው ከወዲያ ማዶ ደብር የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። ታዲያ የነፍስ አባታችን፣ ከልጅነታችን ጀምረው ያሳደጉን ካህን፣ እንደ ማንም ገበሬ ሸኙት።

«አንተ የተማርክ ነህ» አለችኝ። «ሂድና ጠይቃቸው። አርባው ሳይደርስ ያስተካክሉት።»

እሺ አልኳት። ግን አልተነሣሁም። ምክንያቱን አውቀው ነበር። ማለት፣ ግማሹን አውቀው ነበር። ያላወቅሁት አባ ነገሩን ከማን እንደ ሰሙ ነው። ከገበያ ወሬ ሰምተው ከሆነ፣ ወንድሜ ሳይናዘዝ ሞቷል፤ እንደ ገበሬ የፈቱትም ሊቀጡት ነው። ከራሱ አፍ ሰምተው ከሆነ ግን፣ ታርቆ ሞቷል። ያን ሰሞን እንቅልፍም ምግብም የነሣኝ ይህ ብቻ ነበር። ቁጭ ብዬ እነሣለሁ። ከቤት ወጥቼ እስከ አጥሩ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በክረምቱ ነው። በፍልሰታ።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የማትሪክ ውጤት እየጠበቅሁ ነበር። ውጤቱ በፖስታ ወደ ንፋስ መውጫ፣ ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ይመጣል ተብሎ ነበር። በሳምንት ሦስት ጊዜ እሄዳለሁ። ጎህ ሲቀድ እነሣና ጭቃውን ስረግጥ እውላለሁ፤ ስመለስ ይመሻል። በመስኮቱ በኩል ያለው ጸሐፊ ይቀልድብኝ ነበር። «ደግሞ መጣህ?» ይለኛል፤ «በቅሎዋ ፖስታውን ይዛ ገና መንገድ ላይ ናት። ወይስ ከበቅሎዋ ቀድመህ ልትገባ ነው የምትሮጠው?» እኔ ግን አላፍርም ነበር። ያ ወረቀት ከመጣ ከጭቃው እወጣለሁ፣ ኮት እለብሳለሁ፣ አዲስ አበባ እገባለሁ። ሌሊት ሌሊት ፖስታውን ስከፍተው ነው የማድረው።

በደብራችን ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ነበሩ። ለቅዳሴ አምስት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ከጎደለ ቅዳሴው ይታጎላል። በዚያ ፍልሰታ አንደኛው ዲያቆን እግሩ ቆስሎ ተኝቶ ስለነበር፣ ከማዶ ደብር አንድ ሰው ተውሰው ነበር። የሚተርፍ ሰው የለም። እኔም ድቁና አለኝ። ከወንድሜ ጋር በአንድ ቀን፣ በልጅነታችን ነው የተቀበልነው። ግን አስኳላ ከገባሁ ወዲህ መቅደስ ገብቼ አላውቅም፤ የሚጠይቀኝም አልነበረም።

በፍልሰታው መጀመሪያ ሰሞን፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አባ ሰበኩ። ነቢዩ ከእግዚአብሔር የኮበለለውን ሕዝብ፣ በምኞቷ ነፋስ እያሸተተች ከምትበርር የሜዳ አህያ ጋር እንዳመሳሰለው ነገሩን። ያን ጊዜ ጎረቤታችን ከኋላ ሆኖ፣

«አባ፣ የእኔይቱን ነው?» አለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ባለፈው አርብ፣ አርብ ገበያ፣ የዚህ ሰውዬ አህያ አንድ ድንጉላ አይታ የተጫነችውን ገብስ መሬት ላይ ደፍታ፣ የሸማ ሻጮችን ተራ ረግጣ ጠፍታበት ነበር። ገብሱን ከጭቃ ሲለቅም የዋለውን ያላየ አልነበረም።

«ያንተስ ተመልሳለች» አሉት አባ። «እኔ የምናገረው ስላልተመለሰችው ነው።»

ከዚያ ሳቁ ሲያልፍ እንዲህ አሉ። አህያዋ ጥፋት የለባትም፣ ወራቷ ነው። የሰው ምኞት ግን ወራት የለውም፣ ዓመቱን ሙሉ ነው። እግዚአብሔር ለሕዝቡ ጌታ ነኝ ብቻ አላለም፣ ባል ነኝ ብሏል። ጌታውን የከዳ ሎሌ ይቀጣል። ባሏን ትታ የሄደች ሴት ግን ባሏን ታሳዝናለች። ኃጢአት ማለት እሱን ማሳዘን ነው።

«እኛ አገር ግን አባ፣ ባሏ ልብሷን ደጅ ነው የሚጥልባት» አለ ጎረቤታችን።

«እግዚአብሔር ግን ደጅ ቆሞ ይጠብቃታል። ከእኛ የሚለየው በዚህ ነው» አሉ።

እኔ ወንድሜን አየሁት። ከሳቁት መሀል አልነበረም። ግንቡን ተደግፎ የራሱን እግር ያያል። በፍልሰታ የቅዳሴውን ሰዓት የሚያውቀው እሱ ነበር፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጥላውን በእግሩ ጫማ ይለካል፣ ከዚያ ይደወላል። ያን ዕለት ግን ፀሐይ አልነበረችም። ዝም ብሎ ነው እግሩን የሚያየው።

በማግስቱ ምንጩ ጋ አገኘኝ። ልብሱን አጥቦ ይጨምቅ ነበር።

«ነገ አንተ ግባልኝ» አለኝ።

«የት?»

«መቅደስ ነዋ።»

«ታመሃል እንዴ?»

«ብታመም ይሻለኝ ነበር።»

ልብሱን ጨምቆ ጨርሷል፣ ግን መጭመቁን አልተወም። ከዚያ ነገረኝ። አርብ ገበያ ጠላ የምትሸጥ፣ ባሏን የፈታች ሴት አለች። ከሰኔ ጀምሮ ወደ እሷ ይመላለሳል። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ የማይመለስ መስሎት ነበር። በየሳምንቱ «አሁንስ በቃ» ይላል፣ አርብ ሲደርስ ግን እግሩ ይሄዳል። «እግሬ» ነው ያለው፣ «እኔ» አላለም። በእኛ ሥርዓት ዲያቆን በሥጋ ወደሙ ሳያገባ ሴት ካወቀ ድቁናው ፈርሷል። መቅደስ አይገባም። እሱ ግን ሁለት ወር ሙሉ ገብቷል።

«ለአባ ንገራቸው» አልኩት።

«ብነግራቸው ነገ ቅዳሴ የለም። በፍልሰታ! ሕፃናቱ ሳይቆርቡ ሊመለሱ ነው? አንተ ከገባህልኝ ግን ነገውኑ እነግራቸዋለሁ። ማንም ሳያውቅ።»

ይህን መጻፍ ይከብደኛል። እኔ ያኔ ንጹሕ ነበርኩ፤ ከሴት ማለቴ ነው። ቅዳሴውንም አልረሳሁትም። ልገባለት እችል ነበር።

«ነገ ንፋስ መውጫ እሄዳለሁ» አልኩት። «ፖስታው የሚገባው ነገ ነው።»

አየኝ። ከዚያ ሳቅ አለ።

«ደብዳቤው ይሸሻል እንዴ?» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ልብሱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ዳገቱን ወጣ።

ሄድኩ። ደብዳቤው አልመጣም ነበር። ስመለስ እናቴ በደስታ ተቀበለችኝ። «ወንድምህ ዛሬ ሲቀድስ እንባው ፈሰሰ» አለችኝ። «አባ ራሳቸው ዞረው አዩት። እንዲህ ያለ ልጅ ነው የሰጠኝ።» ወንድሜ ጥግ ተቀምጦ ነበር። እናቴ ስትወጣ ጠብቆ «ገባሁ» አለኝ። «ሌላ ሰው አልነበረም።»

ፍልሰታው እስኪያልቅ ሌሎች ቀኖችም ነበሩ። በእያንዳንዱ ቀን ልገባለት እችል ነበር። ነገ እላለሁ፣ ሲነጋ ወደ ንፋስ መውጫ እገሠግሣለሁ። እሱም ዳግመኛ አልጠየቀኝም።

ደብዳቤው የመጣው ከመስቀል በፊት ነው። አጭር ነበር። ነጥቤ ለዩኒቨርሲቲ አይበቃም። አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት፣ ከዚያ ደብረ ታቦር አንድ መሥሪያ ቤት ጽሑፍ ገልባጭ ሆኜ ተቀጠርኩ። ስሄድ ወንድሜ እስከ ወንዙ ሸኘኝ። ጓዜን በገመድ አሰረልኝ፤ ሁለት ጊዜ ፈትቶ ሁለት ጊዜ አሰረው። «ነገርካቸው?» ልለው ፈልጌ ነበር። አላልኩትም። ብጠይቀው፣ ለምን እንዳልገባሁለት ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሰማሁት ከጎረቤታችን ነው፣ ከባለ አህያው። ከመስቀል ማግስት ጀምሮ እሱና ወንድሜ ወደ ስማዳ ቆላ ወርደው በቀን ሥራ እህል ሲያጭዱ ሰነበቱ። የእኛ ሰው ቆላ ሲወርድ የወባ ንዳድን ይፈራል፤ ወንድሜ ግን ልውረድ ብሎ የቸኮለው እሱ ራሱ ነበር።

«ሥራ ላይ አይታማም» አለኝ ጎረቤታችን። «ግን ልጄ፣ እህል አልወርድ ብሎት ነበር። እኛ ቀትር ላይ ከጥላ ሥር ሆነን ስንበላ እሱ ማጨዱን አይተውም። ጓደኞቹ "ምነው፣ ሙሽራ ነህ ወይ፣ አፈርከን?" እያሉ ይስቁበት ነበር። እንግዲህ ያኔ ነው በሽታው የጀመረው። ዝም ብዬ ሳየው ኖሬ! አምስት ሳምንት ሆኖን ተንቀጥቅጦ ወደቀ። በዚያችው በአህያዬ ጭኜ አመጣሁት። እንደዚያ ስትቀብጥ የነበረችው፣ ዳገቱን ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ ሳታስቸግረኝ።»

ቤት ከገባ በኋላ አራት ቀን ኖረ። አባ መጥተው ነበር። እናቴ እንደነገረችኝ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ተነጋግረዋል፣ ከዚያ ወዲያ አንደበቱ ተያዘ። «ምን ሊናዘዝ፣ ምን ኃጢአት አለበት» አለች እናቴ። «ውሃ ነው ሲጠይቅ የነበረው።»

አባ ዘንድ መሄዱን ፈራሁት። ከእሳቸው በፊት ወደ ሴትዮዋ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ በደንብ አላውቅም። ከእሳቸው አፍ ክፉውን ከምሰማ አስቀድሜ ልወቀው ብዬ ይሆናል።

አርብ ዕለት ነበር። ገበያው ሞልቷል። ቤቷን ጠይቄ አገኘሁት። ቀጠን ያለች፣ ከወንድሜ በዕድሜ የምትበልጥ ሴት ናት፤ ነጠላዋን እንደ ኀዘንተኛ አዘቅዝቃ ለብሳለች። ቤቷ ውስጥ ጠጪ አልነበረም። ገና ስታየኝ ያዘለችውን እንስራ አወረደች።

«ግንባርህ የእሱ ነው» አለች። «ተቀመጥ።»

አልተቀመጥኩም።

«ልትሰድበኝ ነው የመጣኸው? ስደበኝ። ቀብሩ ላይ መምጣት አልቻልኩም፣ እናትህን ፈርቼ። ፍትሐት ተደረገለት ወይ?»

«ተደረገለት» አልኳት። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከፍልሰታ ወዲህ ወዳንቺ መጥቶ ያውቃል?»

አጎነበሰች። ውሸት ብትነግረኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ወደ ስማዳ ሲወርድ መጥቷል» አለች። «በሙት አልዋሽም።»

«ምን አለሽ?»

«ያለኝ ለእኔ ነው» አለችኝ። በቁጣ አይደለም። እንዲሁ ነው ያለችው። «ፍትሐት ከተደረገለት ደግ ነው» ብላ እንስራዋን አነሣች።

ከገበያው ስወጣ ሰውም አህያም እየገፋኝ ነበር የምሄደው። እንግዲህ እስከ መጨረሻው ወደ እሷ ሲመላለስ ነበር አልኩ። አባ ከዚህ ከገበያ ሰምተዋል። ወንድሜ በዚያው ሞቷል። በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ ቆሜ ስንት ጊዜ እንደ ተመለስኩ አላውቅም፤ ቤት የደረስኩት ሰው ከገበያ ገብቶ ራቱን ከበላ በኋላ ነው። እናቴ «ጠየቅሃቸው?» አለችኝ። ነገ አልኳት። ያቺን ቃል እኔ ለምጃታለሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሄድኩ። አባ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ገመድ ይገምዳሉ፤ የእህል መሰብሰቢያ ሰሞን ነበር። መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

«አረፍ በል» አሉኝ። «ዘገየህ።»

«እናቴ ናት የላከችኝ። ለምን እንደ ገበሬ ፈቱት ትላለች።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

ገመዱን ትተው አዩኝ።

«ልጄ፣ ሰው በኑዛዜ የነገረኝን ከእኔ አትሰማም። በሕይወትም በሞትም። ስለ ቀብሩ የለመነኝ ግን ኑዛዜ አይደለም፣ አደራ ነው። ከስማዳ በመጣ ዕለት፣ አንደበቱ ሳይያዝ፣ "መቅደስ አያስገቡኝ። በገበሬው ቦታ ይፍቱኝ" አለኝ። እናትህ ታዝናለች አልኩት። "ወንድሜ ይነግራታል" አለኝ።»

የገመዱን ጫፍ ከመሬት አነሣሁላቸው።

«ሌላም አለ» አሉ። «የጀመረው የንስሐ ቀኖና ነበር። ሰባት ሳምንት። አምስቱን ሞልቶ ቀኑን ቆጥሮ አስረክቦኛል። ሁለቱ ቀርተዋል። ሰው ቀኖናውን ሳይጨርስ ከሞተ ከቤቱ አንዱ ይጨርስለታል። እናትህን እንዳልጠይቃት፣ ለምኑ ነው ትለኛለች። አንተን ስጠብቅ ነበር።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ነው?» አልኳቸው።

«ማን ነገረህ?»

«ማንም።» በዓይኔ ላይ የመጣው የስማዳ ማሳ ነው። ሌሎቹ ከጥላ ሥር ሲበሉ፣ እሱ ፀሐይ ላይ። ሙሽራ ነህ ወይ ሲሉት። ያኔ ታሞ አልነበረም። ከንስሐ አባቱ ውጭ ማንም ሳያውቅበት ነበር የሚጾመው።

ከዚያ የእኔን ነገርኳቸው። ምንጩን፣ የለመነኝን፣ ንፋስ መውጫን። ሳልናዘዝ ያቆየሁት ይህን ነው።

«ደብዳቤው መጣ?» አሉኝ ስጨርስ።

«ያን ዕለት አልመጣም። ኋላ ሲመጣም አይበቃህም ነው ያለኝ።»

«ለእሱ ሴት ነበረች» አሉ ቀስ ብለው። «ለአንተ ወረቀት። ባላችሁን ትታችሁ የሄዳችሁት ሁለታችሁም ናችሁ። እሱ ተመልሷል።»

«የእኔስ ቀኖና?»

«መጀመሪያ የእሱን ጨርስ። ከጾሙ ጋር በቀን አርባ ስግደት፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ይቀሩልሃል። ያንተን ያኔ እንነጋገራለን።»

ወደ ሴትዮዋ ለምን እንደ ሄደ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሊሰናበታት ይሁን፣ ዳግመኛ ወድቆ ይሁን። አባንም አልጠየቅኋቸውም። ያለኝ ለእኔ ነው ብላለች፤ ይሁን።

ለእናቴ «እሱ ራሱ ነው የለመናቸው» አልኳት።

«ለምን?»

እሱ «ወንድሜ ይነግራታል» ብሎ ነበር። አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። እሷም ፊቴን አየችው፣ ከዚያ ሥራዋን ቀጠለች።

በማግስቱ ቀትር ላይ ምሳ አቀረበችልኝ።

«ኋላ እበላለሁ» አልኩ።

«ዛሬ ማክሰኞ ነው። የነቢያት ጾምም ገና ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስከ ዘጠኝ።»

እንጀራውን ይዛ ቆመች። የስማዳውን ወሬ ጎረቤታችን ለእሷም ነግሯት ነበር። ምን እንደ ገጣጠመች አላውቅም፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ፍትሐቱ አንድ ቃል አልጠየቀችኝም። ምግቡን በሰፌድ ከድና አኖረችው።

እኔ መቀመጥ አቃተኝ። ረሃቡ አይደለም። እግሬ ንፋስ መውጫን ይፈልጋል፣ ደብረ ታቦርን ይፈልጋል፣ የትም ይሁን የሆነ ቦታ ይፈልጋል። ተነሥቼ ስመለስ እናቴ ደጅ ወጥታ ነበር። ፀሐይዋን ወደ ጀርባዋ አድርጋ ቆማለች። የጥላዋን ጫፍ ምልክት አድርጋ፣ አንዱን እግሯን ከሌላው ተረከዝ ጋር እያገናኘች፣ እሱ ያደርገው እንደ ነበረው ትለካለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጨርሳ ቀና አለችና አየችኝ።

«ገና ነው» አለች።